ስሞቹ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆኑብኝ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። በዚህ ዕትም የደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ አንድ ጉዳይ ላይ ያረፉ ናቸው። በደብተር፣ በስልክ ወይም በኤክሴል የተከማቸን የደንበኛ ዝርዝር ወደ ሲአርኤም ወይም ወደ ኢሜይል መላኪያ ሶፍትዌር እንዴት እናስገባ ነው ነገሩ። ስለዚህ ዓምዱን በሙሉ ለዚሁ ሰጥቼዋለሁ።

ለነገሩ አዲስ ለሆናችሁ፣ ሲአርኤም ማለት ደንበኛው ማን እንደሆነ፣ ምን እንደገዛ፣ ከድርጅቱ ማን እንዳነጋገረው አንድ ቦታ ላይ የሚይዝ ሶፍትዌር ነው። ሃብስፖት፣ ዞሆ፣ ኦዱ፣ ሴልስፎርስ ሁሉም እዚህ ውስጥ ናቸው። ሜይልቺምፕና መሰሎቹ ደግሞ ለብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ኢሜይል ለመላክ ነው የተሠሩት። ኢምፖርት የሚባለው ዝርዝሩን በፋይል አድርጎ በአንዴ መጫን ነው፤ ኤክስፖርት ደግሞ ተቃራኒው፣ ከሶፍትዌሩ በፋይል ማውጣት። ፋይሉ ብዙውን ጊዜ ሲኤስቪ ነው፣ ዓምዶቹ በኮማ የተለያዩበት ተራ የጽሑፍ ፋይል ማለት ነው። መጫኑ ራሱ ቀላል ነው፣ ጥቂት ክሊክ ነው። ሥራው ያለው ከዚያ በፊት ሺቱን፣ ማለትም የኤክሴል ሰንጠረዡን ማጽዳት ላይ ነው፤ ይህን የዘለለ ሰው በኋላ ደንበኛ ፊት ያፍራል።

ጥያቄ፦ የቆዳ ቦርሳና ቀበቶ እያመረትኩ እሸጣለሁ። የደንበኞቼን ስም በአማርኛ፣ ኢሜይላቸውን ደግሞ በላቲን ፊደል ኤክሴል ላይ ይዤ ነበር። ሜይልቺምፕ ፋይሉን በሲኤስቪ አምጣ አለኝ፣ ቀየርኩት። ገብቶ ሳየው ኢሜይሉ ልክ ነው፣ ስሙ ግን በሙሉ ???? ሆኗል። ሶፍትዌሩ አማርኛ አይችልም ማለት ነው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ይችላል ወንድሜ። ስሞቹ የጠፉት ሜይልቺምፕ ውስጥ ሳይሆን ኤክሴል ላይ «ሴቭ አዝ» ብለህ ሲኤስቪ የመረጥክ ጊዜ ነው። እዚያ ዝርዝር ውስጥ ሲኤስቪ የሚል ከአንድ በላይ ምርጫ አለ። ተራው ሲኤስቪ የሚሠራው በድሮው የዊንዶውስ የፊደል ሰንጠረዥ ነው፣ እዚያ ውስጥ ደግሞ ግዕዝ የሚባል ፊደል የለም። ስለዚህ ኤክሴል የማያገኘውን ፊደል ሁሉ በጥያቄ ምልክት ይተካዋል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም የዓለምን ፊደላት በአንድ በያዘው የኮምፒውተር ሰንጠረዥ ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ዛሬ ያሉት ሶፍትዌሮችም ያነቡታል፣ ፋይሉ በትክክል ከተላከላቸው። አንተ መምረጥ ያለብህ ስሙ ላይ «ዩቲኤፍ-8» (ዩኒኮድ በፋይል የሚጻፍበት መንገድ) የሚል ያለበትን ሲኤስቪ ነው። በጎግል ሺትስ የምትሠራ ከሆነ ደግሞ ሲኤስቪ አድርገህ ስታወርደው ራሱ በዩቲኤፍ-8 ነው የሚወጣው፣ ምንም መምረጥ አይጠበቅብህም።

ከመጫንህ በፊት ፋይሉን በኖትፓድ ክፈተው። በኤክሴል አይደለም፣ በኖትፓድ። አማርኛው ከታየህ ጫነው። እዚያም የጥያቄ ምልክት ከሆነ ግን ፊደሉ ከፋይሉ ጠፍቷል፣ ማንም አይመልሰውም፤ ወደ መጀመሪያው የኤክሴል ፋይል ተመልሰህ እንደገና ማውጣት ነው። ለዚህ ነው የመጀመሪያውን ፋይል መቼም ቢሆን አትሰርዘው የምለው።

ሌሎቻችሁም ልብ በሉ፣ የጥያቄ ምልክትና የተበላሸ የሚመስል ጽሑፍ አንድ አይደሉም። ስሙ ላይ ምልክት የተደረገባቸው እንግዳ የላቲን ፊደላት ተደርድረው ካያችሁ፣ መረጃው አለ፣ የተነበበበት መንገድ ነው የተሳሳተው። ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ጥሩውን ፋይል ደብል ክሊክ አድርጋችሁ በኤክሴል ስትከፍቱት ነው። ያኔ ሴቭ እንዳትሉ! ዝጉትና ባዶ የኤክሴል ገጽ ከፍታችሁ «ዳታ» ከሚለው ውስጥ ከጽሑፍ ወይም ከሲኤስቪ አምጣ የሚለውን ተጫኑ፤ የፊደል ዓይነት ሲጠይቃችሁ 65001 የሚል ቁጥር ያለበትን ዩቲኤፍ-8 ምረጡ። ይስተካከላል።

ሦስተኛ ዓይነትም አለ፣ የቆዩ መሥሪያ ቤቶችን የሚያስቸግረው እሱ ነው። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የፓወር ግዕዝ ወይም የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ዝርዝር ስክሪን ላይ አማርኛ ይመስላል እንጂ ከሥር ያለው የላቲን ፊደልና ምልክት ነው። ለማወቅ ቀላል ነው፤ አንዱን ስም ምረጡና ፎንቱን ወደ ሌላ ቀይሩት፣ ወደ ዝብርቅርቅ ከተለወጠ ያ ነው። እንዲህ ያለው ወደ ዩኒኮድ የሚቀይር መሣሪያ ይፈልጋል፤ ዝርዝሩ አጭር ከሆነ ግን እንደ አዲስ መጻፉ ይሻላል።

ጥያቄ፦ የመኪና መለዋወጫ እሸጣለሁ። ስልክ ቁጥሮቹን ወደ ሲአርኤም ሳስገባ መጀመሪያው ላይ ያለው ዜሮ በሙሉ ጠፋ። አንዳንዶቹ ደግሞ ጭራሽ 2.51 ብለው ይጀምሩና ከኋላቸው ፊደልና መደመር አለ። ወደ ሺህ የሚጠጋ ደንበኛ ነው፣ አንድ በአንድ ላስተካክል? (ከአዳማ)

መልስ፦ አንድ በአንድ አታስተካክል። ኤክሴል ቁጥር የመሰለውን ሁሉ ለሂሳብ የመጣ አድርጎ ነው የሚያየው። በሂሳብ ደግሞ ፊት ያለ ዜሮ ዋጋ የለውም፣ ስለዚህ 0911 የሚለውን 911 ብሎ ይተወዋል። +251 ብለህ ስትጽፍም መደመሩን ይጥልና 12 አሃዝ ይቀረዋል፤ 12 አሃዝ ሲሆንበት ደግሞ አሳጥሮ ያንን 2.51 የሚል ነገር ያሳይሃል። ኤክሴሉ ውስጥ ሳለ ቁጥሩ ከሥር አለ፣ አልጠፋም። አደጋው እንደዚያው ሆኖ ሲኤስቪ ስታደርገው ነው። ሲኤስቪ የሚይዘው ስክሪን ላይ የሚታየውን ስለሆነ መጨረሻ ላይ ያሉት አሃዞች እዚያው ይቀራሉ።

መፍትሔው ይኸው። መጀመሪያ የስልኩን ዓምድ በሙሉ ምረጥና ዓይነቱን «ቴክስት» አድርገው፣ ቁጥሮቹን የምትለጥፈው ከዚያ በኋላ ነው። ዜሮው አስቀድሞ የጠፋበት ዝርዝር ካለህ አትደንግጥ፣ የኢትዮጵያ ቁጥር ሞባይልም ይሁን የመስመር ስልክ ከዜሮው በኋላ 9 አሃዝ ነው። በመጀመሪያ በመሃል ያሉትን ክፍተቶችና ሰረዞች ፈልግና አጥፋ። ከዚያ «ራይት» የሚባለው የኤክሴል ቀመር ከቀኝ በኩል 9 አሃዝ ይወስድልሃል፤ ፊቱ ላይ +251 እንዲለጥፍ አድርገህ እስከ ታች ጎትተው። 0911 ብሎ የጻፈውም፣ 911 ብሎ የጻፈውም፣ 251911 ብሎ የጻፈውም አንድ መልክ ይይዛል። አንድ ሳጥን ውስጥ በእዝባር የተለያዩ ሁለት ቁጥሮች ያሉህም ቀመሩን ከመጠቀምህ በፊት «ቴክስት ቱ ኮለምስ» በሚለው ለያቸው፣ አለበለዚያ የሚተርፍልህ ሁለተኛው ብቻ ነው።

አሁን የምናገረውን ግን ውጭ አገር ደንበኛ ያላችሁ በደንብ አንብቡት። ይህን ቀመር በአገር ሳትለዩ ዝርዝሩ ላይ በሙሉ እንዳትጎትቱት። የአሜሪካ ቁጥር ከ+1 በኋላ 10 አሃዝ ስለሆነ አንዱ ይቆረጣል፣ እሱስ ቶሎ ይታወቃል። የእስራኤል፣ የሳዑዲና የኤምሬትስ ሞባይሎች ግን ከዜሮው በኋላ ልክ እንደኛው 9 አሃዝ ናቸው። 058 ባሕር ዳርና ጎንደር የመስመር ስልክ ነው፤ እስራኤል ውስጥም 058 የሚጀምር ሞባይል አለ፤ ዱባይም አለ። ሦስቱም ከዚያ በኋላ 7 አሃዝ ነው የሚያስከትሉት። ጎንደር ያለ ዘመድና እስራኤል ያለ ዘመድ አንድ ዝርዝር ውስጥ ሲገኙ ደግሞ ብርቅ አይደለም። ስለዚህ አስቀድማችሁ «አገር» የሚል ዓምድ አውጡ፣ ሙሉት፣ በአገር ለዩ፣ ለእያንዳንዱ የራሱን ኮድ ስጡ። ቁጥሩን ብቻ አይቶ አገሩን የሚያውቅ ሶፍትዌር የለም።

ጥያቄ፦ እኔ የመረዳጃ ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። የአባላቱን ዝርዝር ካስገባን በኋላ የመጀመሪያው ኢሜይል ሲወጣ ሴቶቹን ሁሉ በአባታቸው ስም «ውድ ተሰማ»፣ «ውድ በቀለ» እያለ ጠራቸው። አንድ ሰው ደግሞ ሦስት ጊዜ ደርሶታል። እናቶቻችን ተቀይመውናል። ምን ብናደርግ ይሻላል? (ከአትላንታ)

መልስ፦ ቅያሜያቸው ይገባኛል፤ በስም መጠራት ትልቅ ነገር ነው። እነዚህ ሶፍትዌሮች የተሠሩት ስምና የቤተሰብ ስም ላለው ሕዝብ ነው። እኛ ደግሞ የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው ያለን። ዝርዝራችሁን የሞላው ሰው አንዳንዱን «ተሰማ፣ አልማዝ» ብሎ እንደ አሜሪካ ወረቀት የአባትን አስቀድሞ፣ ሌላውን ደግሞ በእኛ ደንብ ጽፎት ይሆናል። እሱ ሲደባለቅ ሶፍትዌሩ የሚያውቀው ነገር የለም።

ሺቱ ላይ ሦስት ዓምድ አድርጉ፣ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። ከዚያ አጠገብ አራተኛ ጨምሩ፣ «መጠሪያ» በሉት። እዚያ ውስጥ ሰውየው ወይም ሴትየዋ እንዲጠሩበት የሚፈልጉትን ልክ እንዳለ ጻፉት፤ «ወ/ሮ አልማዝ»፣ «አቶ ደረጀ»፣ «እማሆይ ወለተ ማርያም»፣ «ዶ/ር ሰናይት»። ወለተ ማርያምን ወይም ገብረ እግዚአብሔርን ክፍተቱ ላይ ለሁለት የሚቆርጥ ሰው ስላለ እዚህም ተጠንቀቁ። ስሙን በራሱ የሚከፋፍል መሣሪያ ስትጠቀሙ «ውድ ወለተ» ብሎ ያወጣላችኋል። ኢሜይሉ ውስጥ ከ«ውድ» ቀጥሎ የሚገባው የስም ሳጥን ሳይሆን ይህ መጠሪያ ይሁን። ባዶ ለሆኑት ደግሞ ሶፍትዌሩ ምትክ ቃል እንዲያስገባ መናገር ይቻላል፤ «ውድ አባላችን» ብላችሁ ሙሉት።

የጽሑፉ አካልም ይታሰብበት። አማርኛ ግሡ ላይ ጾታ ይይዛል፤ አንድ ደብዳቤ ለወንድም ለሴትም እስከተላከ ድረስ «እርስዎ» እያሉ መጻፍ ነው ያለው። አክብሮቱም ለእናቶቻችን ይስማማል።

ሦስት ጊዜ የደረሰው ሰው ጉዳይ የድግግሞሽ ነው። ሃብስፖትም ሆነ ሜይልቺምፕ አንድን ሰው የሚለዩት በኢሜይሉ እንጂ በስሙ አይደለም። አባላችሁ በሥራ ኢሜይሉ፣ በግል ኢሜይሉና በድሮ ኢሜይሉ ተመዝግቦ ከሆነ ለሶፍትዌሩ ሦስት ሰው ነው። በስም ልለይ ብትሉ ደግሞ ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ እያለ አጻጻፉ ይለያያል፤ ኮምፒውተር እነዚህን እንደ አንድ አያያቸውም። ላቲኑማ ከዚያ ይብሳል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ አባል የራሳችሁን መለያ ቁጥር ስጡ፣ አንዴ የተሰጠ ቁጥር አይቀየር፣ ኢምፖርት ስታደርጉም ይግባ። ኦዱ ላይ ለዚህ «ኤክስተርናል አይዲ» የሚባል ቦታ አለ፤ እሱን ከሞላችሁ ያው ፋይል ተስተካክሎ ዳግም ሲገባ የነበረውን ያድሳል እንጂ አዲስ ሰው አይፈጥርም። ኢሜይል የሌላቸውን አረጋውያን ለመያዝም ይህ ቁጥር ይረዳችኋል። ሲአርኤሙ ያለ ኢሜይል ይቀበላቸዋል፣ ኢሜይል መላኪያው ግን አይቀበላቸውም፤ ለእነሱ መደወል ነው።

ጥያቄ፦ የጉዞ ወኪል ነኝ፣ ወደ አዲስ አበባ ቲኬት እንሸጣለን። ደንበኞቻችን አሜሪካ፣ ጀርመንና እስራኤል ናቸው። የኢሜይል መላኪያችን ዋጋ ስለጨመረብን ወደ ሌላ ልንዛወር ነው። ዝርዝሩን ኤክስፖርት አድርጌ አዲሱ ላይ ብጭነው አለቀ አይደል? (ከቨርጂኒያ)

መልስ፦ አላለቀም እህቴ፤ ጥያቄሽን ወድጄዋለሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ሳይጠይቅ የሚሳሳትበት ቦታ ይህ ነው።

ኤክስፖርት ስታደርጊ አሮጌው ሶፍትዌር ብዙውን ጊዜ ለየብቻ ፋይል ይሰጥሻል፤ ኢሜይል የሚቀበሉ፣ «አትላኩልኝ» ብለው የወጡ፣ አድራሻቸው የማይሠራ። ሰው የመጀመሪያውን ይወስድና ሌሎቹን ይጥላቸዋል። ለጊዜው ምንም አይታይም። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን አንድ የቆየ የኤክሴል ፋይል ከቢሮ ይገኝና «እነዚህንም ጨምሪያቸው» ይባላል። ያ ፋይል ውስጥ ከዓመታት በፊት በቃኝ ያሉ ሰዎች አሉ። አዲሱ ሶፍትዌር በቃኝ ማለታቸውን አያውቅም፣ ማንም አልነገረውም። ደስ ብሎት ይልክላቸዋል።

ስለዚህ አዲሱ ላይ መጀመሪያ የምትጭኚው «አትላኩልኝ» ያሉትን ነው። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፣ አትገልብጪው። ሜይልቺምፕ ላይ ኢምፖርት ስታደርጊ የሰዎቹን ሁኔታ ይጠይቅሻል፤ ለዚያ ፋይል «ከዝርዝር የወጡ» የሚለውን ትመርጫለሽ። የማይሠሩትን አድራሻዎችም እንዲሁ በየሁኔታቸው አስገቢ። ሌሎች ሶፍትዌሮችም የማይላክላቸው ሰዎች ዝርዝር የሚገባበት ቦታ አላቸው፣ ካጣሽው የድጋፍ ክፍላቸውን ጠይቂ። የሚቀበሉትን ሰዎች የምትጭኚው ከዚያ በኋላ ነው። በክፍያ በኩል አንድ ነገር ልብ በይ፤ ሜይልቺምፕ የወጡትንም ከሚያስከፍልባቸው ኮንታክቶች ውስጥ ይቆጥራቸዋል፣ አርካይቭ የተደረጉትን፣ ማለትም ሳይጠፉ ወደ ማኅደር የተዛወሩትን ግን አይቆጥርም። ዋጋ ለመቀነስ ከሆነ አርካይቭ ማድረግ ነው እንጂ የበቃኝ ባዮቹን ፋይል ከኮምፒውተርሽም ከሶፍትዌሩም አጥፍቶ መገላገል አይሆንም።

ከወጡት ሌላ ሁለት ዓምዶች አብረው ይምጡ። አንዱ ሰውየው መቼ ፈቃደኛ እንደሆነ፣ ሌላው የት እንደተመዘገበ ነው፤ ቢሮ መጥቶ ነው? ድረ ገጹ ላይ ነው? በበዓል ዝግጅት ላይ ፎርም ሞልቶ ነው? ብዙ ሰው እነዚህን ዓምዶች «አያስፈልጉም» ብሎ ይሰርዛቸዋል፣ እኔ ግን ከስልክ ቁጥሩ ይልቅ እነሱን ነው የምይዘው። አንድ ደንበኛ «ማን ፈቀደላችሁ?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻም አይደለም። አንቺ ያለሽበት አገር ካን-ስፓም የሚባለው እ.ኤ.አ. የ2003 ሕግ የንግድ ኢሜይል ውስጥ ትክክለኛ የፖስታ አድራሻና የመውጫ መንገድ እንዲኖር ያስገድዳል፣ በቃኝ ያለ ሰውም በ10 የሥራ ቀን ውስጥ መውጣት አለበት። ጀርመን ላሉት ደንበኞችሽ እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2018 ጀምሮ የሚሠራው የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ሕግ አለ፤ ፈቃድ አግኝቻለሁ የምትይ ከሆነ ማስረጃው ካንቺ ነው የሚጠበቀው። እስራኤል እ.ኤ.አ. ከ2008 መጨረሻ ጀምሮ ያለ ፈቃድ ለተላከ ማስታወቂያ፣ ተቀባዩ ጉዳት ደረሰብኝ ብሎ ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ ፍርድ ቤት በመልእክት እስከ 1,000 ሰቅል ካሳ ሊወስንለት የሚችልበት ሕግ አላት። በአንድ መልእክት ነው ያልኩት፤ በዝርዝርሽ አባዢው። አገር ቤት ያላችሁ አንባቢዎችም ከዚህ ውጭ አይደላችሁም፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ስለዚህ «አገር» የሚለው ዓምድ ለስልኩ ብቻ ሳይሆን ለዚህም ያስፈልግሻል።

ጥያቄ፦ አንድ ሰው የሃያ ሺህ ሰው ኢሜይል በፍላሽ ልሽጥልህ አለኝ። ነጋዴዎች፣ ኤንጂኦዎች፣ የባንክ ሠራተኞች ሁሉ አሉበት። ዋጋው ርካሽ ነው። ገዝቼ ሲአርኤሜ ላይ ልጫነው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አትግዛ። እነዚያ ሰዎች አንተን አያውቁህም፣ ስማቸውን እንድትይዝም አልፈቀዱም። ሜይልቺምፕን ጨምሮ ታዋቂዎቹ መላኪያዎች የተገዛ ዝርዝር በደንባቸው ይከለክላሉ፣ አካውንትህንም ይዘጉታል።

ሌላው ጉዳት ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ጎግልና ያሁ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2024 ጀምሮ በብዛት የሚልኩ ሰዎች ላይ ደንብ አጥብቀዋል። ወደ ጂሜይል በቀን 5,000 እና ከዚያ በላይ የሚልክ ሰው ኤስፒኤፍ፣ ዲኬአይኤምና ዲማርክ የሚባሉትን የዶሜን (ከ@ በኋላ ያለው የድርጅቱ የኢንተርኔት ስም) ማረጋገጫዎች ማሟላት አለበት፣ በአንድ ክሊክ መውጫም ማስቀመጥ አለበት፣ «ስፓም (ያልተፈለገ ኢሜይል) ነው» ብለው የሚከሱት ሰዎችም ከ0.3 በመቶ በታች መሆን አለባቸው። 0.3 በመቶ ማለት ከሺህ ሦስት ሰው ነው። የማያውቁህ ሃያ ሺህ ሰዎች ዘንድ ሄደህ ከሺህ ሦስት ሰው ብቻ ይቆጣል ብለህ ታስባለህ? ከዚያ በኋላ ለእውነተኛ ደንበኛህ የላክኸው ደረሰኝ እንኳ ስፓም ውስጥ ይገባል። ብዙ ባትልክም እነዚያን ሦስት ማረጋገጫዎች ዶሜንህን የሸጠልህ ድርጅት ዘንድ አስሠራ፣ ኢሜይሉንም ከግል ጂሜይልህ ሳይሆን ከራስህ ዶሜን ላክ። የፍላሹን ገንዘብ ለዚህ አውለው።

ጥያቄ፦ የጥርስ ክሊኒክ እንግዳ ተቀባይ ነኝ። ሲአርኤሙ በልደት ቀን መልካም ምኞት እንዲልክ ፈልገን የታካሚዎችን የልደት ቀን አስገባን። ግማሹን አልቀበልም አለ፣ የተቀበለውም በማይሆን ቀን ይልካል። የያዝነው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። (ከደሴ)

መልስ፦ ሶፍትዌሩ የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ብቻ ነው። አልቀበልም ያላችሁ እንደ ጥቅምት 30 (30/2) ወይም ጳጉሜ 3 (3/13) ያሉትን ነው። በፈረንጁ ፌብሩወሪ 30 የለውም፣ 13ኛ ወርም የለም። እነዚያስ ስህተት ብሎ ስለሚነግራችሁ ደህና ናቸው። የሚያሳስበኝ ዝም ብሎ የተቀበላቸው ናቸው። 12/5/1985 ብለሽ ብትጽፊ፣ አንቺ ጥር 12 ቀን 1985 ማለትሽ ነው። ሶፍትዌሩ ግን እንደ አቀማመጡ ሜይ 12 ወይም ዲሴምበር 5 ብሎ ይይዘዋል። ትክክለኛው ጃንዋሪ 20 ቀን 1993 ነበር። ሰውየውን በስምንት ዓመት አስረጅቶ፣ በማይሆን ወር እንኳን ተወለድክ ይለዋል።

ሁለት ዓምድ ያዢ። አንዱ «ልደት በኢትዮጵያ» ይባልና ዓይነቱ ተራ ጽሑፍ ይሁን፣ ልክ ካርዱ ላይ እንዳለ ይቀመጥ። ሁለተኛው ተቀይሮ የተሰላው ነው፣ እሱ የቀን ዓይነት ይያዝ። ስትቀይሪ 8 ዓመት ደምሮ ማለፍ አይበቃም። ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ የሚደመረው 7 ነው፣ ከጃንዋሪ በኋላ 8፤ ወሩና ቀኑም ይለወጣል። በቀን መቀየሪያ መሣሪያ አስቀይሪው። ፋይሉ ውስጥም 1993-01-20 በሚል ቅደም ተከተል ዓመቱን አስቀድመሽ ጻፊው፤ እንዲህ ሲሆን ቀንና ወር አይምታታም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ባትጠይቂኝም። የታካሚውን የሕክምና ማስታወሻ፣ ምን እንደታከመ፣ ምን መድኃኒት እንደሚወስድ ወደ ኢሜይል መላኪያው አታስገቡ። ለልደት ምኞት ስም፣ ኢሜይልና ቀን ይበቃል። የተቀረው ከክሊኒኩ መዝገብ አይውጣ።

ጥያቄ፦ ቴሌግራም ቻናሌ ላይ ብዙ ተከታይ አለኝ። እነሱን ወደ ኢሜይል ዝርዝር ማውጣት ይቻላል? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ አይቻልም። ቴሌግራም የተከታይን ኢሜይል አይሰጥም፣ ስልክ ቁጥርም ሰውየው ራሱ ካላሳየ አይታይህም። ይቻላል ብሎ ቦት የሚሸጥልህ ካለ ራቀው። ቻናልህ ላይ የጎግል ፎርም ሊንክ ለጥፍ፣ ለምን እንደምትፈልገው በግልጽ ጻፍ፣ ስምና ኢሜይል ብቻ ጠይቅ። መልሶቹ ወደ ጎግል ሺትስ ስለሚገቡ ቀኑም ሰዓቱም አብሮ ይመዘገብልሃል፤ ለቨርጂኒያዋ እህታችን ያልኩት የፈቃድ ማስረጃ ማለት ይህ ነው። የሚመጡት ሰዎች ከተከታዮችህ በጣም ያንሳሉ፣ ግን ራሳቸው ፈልገው የመጡ ናቸው።

ጥያቄ፦ ዝርዝሩን አስገብቼ ጨረስኩ፣ ግን ዓምዶቹ ተዛንፈዋል። ስልኩ ከተማ ቦታ ገብቷል፣ ከተማው ድርጅት ቦታ። ከድሮዎቹ ደንበኞች ጋርም ተቀላቅሏል። መመለስ ይቻላል? (ከዱባይ)

መልስ፦ እንደ ሶፍትዌሩ ነው። ያስገባኸው ጎግል ኮንታክትስ ላይ ከሆነ ዕድለኛ ነህ፤ ዝርዝሩን እስከ 30 ቀን ወደኋላ ወደነበረበት መመለስ ይቻላል። ሲአርኤሞቹ ላይ ግን አዲስ የገቡትን በኢምፖርቱ ለይተህ ማጥፋት ይቻል ይሆናል እንጂ በነበረ ደንበኛ ላይ የተጻፈውን ስህተት መመለስ አስቸጋሪ ነው። ለማንኛውም ሌላ ነገር ሳትነካ አሁን ያለውን እንዳለ ኤክስፖርት አድርገህ አስቀምጥ። ከዚያ በገቡበት ቀን አጣርተህ አዲሶቹን አውጣቸው። የድሮዎቹን ደግሞ ከኢምፖርቱ በፊት የነበረ ፋይል ካለህ በኢሜይላቸው ወይም በመለያ ቁጥራቸው አስታርቀህ እንደገና በላያቸው ጫን።

መዛነፉ የመጣው ከኮማ ይመስለኛል። ሲኤስቪ ዓምድን የሚለየው በኮማ ነው። አድራሻው ላይ «ዴይራ, ዱባይ» ተብሎ በላቲኑ ኮማ ከተጻፈና በትምህርተ ጥቅስ ካልታጠረ፣ ዱባይ ወደ ቀጣዩ ዓምድ ይዘላል፣ ከእሱ በኋላ ያለውም ሁሉ ይገፋል። ኤክሴል ራሱ ሲያወጣው ያጥረዋል፤ በእጅ ወይም ከሌላ ፕሮግራም የወጣ ፋይል ላይ ነው ችግሩ። የእኛ ነጠላ ሰረዝ (፣) ግን ምንም አያደርግም፣ ሶፍትዌሩ እንደ ተራ ፊደል ነው የሚያየው፤ አድራሻዎቹ ውስጥ ያለውን ኮማ በሙሉ በእሱ ተካው።

ዳግም ስትጭን በሙሉ አትጫን። ከዝርዝሩ አሥር ሰው ምረጥ፣ አስቸጋሪዎቹን፤ ሁለት ስልክ ያለው፣ ረጅም አድራሻ ያለው፣ ስሙ ሁለት ቃል የሆነ፣ ኢሜይል የሌለው። እነሱን ብቻ በአንድ ፋይል አስገባና ገጻቸውን አንድ በአንድ ክፈት። ልክ ከሆኑ የቀሩትን ጫን፣ ለሁሉም የዚያን ቀን ስም የያዘ ታግ (መለያ ምልክት) ስጣቸው። በሚቀጥለው ጊዜ የሆነ ነገር ቢበላሽ በዚያ ታግ ፈልገህ ያስገባኸውን ብቻ ታወጣለህ፣ የድሮዎቹ አይነኩም።